ሐኪም ነኝ ወይስ የአይጥ ቤት ጠራጊ?

ደብዳቤው ረጅም ነው። ዋና ዋናውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሽ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምሬ አርሲ ውስጥ በወረዳ ክሊኒክ ላም ሳክም፣ በግ ስከትብ ነው የቆየሁት። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ገባሁ። መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራሁ። ከዚያ ቤት ለቤት አረጋውያን ተንከባከብኩ። አሁን አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የእንስሳት ተንከባካቢ ነኝ። አይጥ፣ ጥንቸልና አሳማ አለ። ኬጅ አጥባለሁ፤ እመግባለሁ፤ የታመመ ካለ አሳውቃለሁ፤ የሞተ አነሣለሁ። የተቋሙ ዋና የእንስሳት ሐኪም ሙያዬን ሲያውቁ ‹ፈተናውን ጨርሺና ከእኛ ጋር ሐኪም ሁኚ› አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። እንስሳ ላድን ተምሬ መጨረሻቸው ሞት የሆኑ እንስሳት ሐኪም ልሁን? እናቴ በደወለች ቁጥር ‹ምን ዓይነት ከብት ነው የምታክሚው?› ትለኛለች። አይጥ ማለት አቅቶኝ ‹ትንንሽ እንስሳት› እላታለሁ። ጓደኞቼ ‹የአይጥ ቤት ጠራጊ› እያሉ ይቀልዱብኛል።

በዚህ ላይ ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገጠመኝ። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አይጦች ያሉበት ክፍል ገባሁ። ካርዱ የሕመም ማስታገሻ ‹ጠዋትና ማታ› ይላል። የማታው ፊርማ የለም። ሁለቱ ጥግ ይዘው ጀርባቸውን አጉብጠዋል። ዓይናቸው ጠቧል። ለተመራማሪው ስነግረው ‹መድኃኒቱ ዳታዬን ያበላሽብኛል፤ ነገ ይነሣሉ› አለኝ። ዝም አልኩ። እሱ ፕሮፌሰር ነው፤ እኔ ኬጅ አጣቢ። ምን ላድርግ?

የቢሾፍቱዋ፣ ከሜሪላንድ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከሥራው ተነሥቶ በአይጦቹ ያልቃል። እኔ ከአይጦቹ ልነሣ። ሌላው ጥያቄሽ ቢያድር ምንም አይልም፤ ይሄኛው ግን ማደር የለበትም።

ነገ ሥራ እንደገባሽ ለተቋሙ ሐኪም ንገሪያቸው። አዎ፣ ሳምንት አልፎታል። ሁለቱ አይጦች አገግመው ይሆናል፤ ወይም የሉም። ግን ያ ቤተ ሙከራ ሌላ ቀዶ ጥገና ማድረጉ አይቀርም። ያኔም ባዶ የፊርማ ቦታ ይኖራል።

አነጋገርሽ ክስ አይሁን። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። የክፍሉ ቁጥር፣ የካርዱ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ ፊርማ የሌለበት ቀን፣ አይጦቹ እንዴት ተቀምጠው እንደነበር፣ ተመራማሪው ምን እንዳለሽ። «ሰውየው ጨካኝ ነው» አትበይ። ስለ ሰውየው ጠባይ ማንም አልጠየቀሽም። ከነገርሻቸው በኋላ ያንኑ በአጭር ኢሜይል ላኪላቸው፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥ። አንድ አደራ አለኝ፦ በስልክሽ ፎቶ እንዳታነሺ። አብዛኞቹ ተቋማት ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣትን አጥብቀው ይከለክላሉ። እውነቱ ከአንቺ ጋር ሆኖ ሳለ በፎቶው ሰበብ ትባረሪያለሽ።

«ዳታዬን ያበላሽብኛል» የሚለው ነገር አንዳንዴ እውነት አለው። የሕመም ማስታገሻ እብጠትን ወይም የሰውነትን የመከላከል አቅም ሊነካ ይችላል። ጥናቱ ስለዚያው ከሆነ ችግር ነው። ግን ይህን የሚወስነው በር ላይ የቆመ ተመራማሪ አይደለም። ምክንያቱን አስቀድሞ ፕሮቶኮሉ (የሙከራው የጽሑፍ ዕቅድ) ላይ ጽፎ የእንስሳት አጠቃቀም ኮሚቴው ካጸደቀለት ብቻ ነው መድኃኒቱ የሚቀረው። ካርዱ «ጠዋትና ማታ» ካለ ጠዋትና ማታ ነው። ደግሞስ በሕመም ላይ ያለ እንስሳ አይበላም፣ አይተኛም፣ የጭንቀት ሆርሞኑ ይጨምራል። ይሄስ ዳታ አያበላሽም? ይህን ለፕሮፌሰሩ አንቺ መንገር የለብሽም። ሐኪሙ ይንገሩት፤ ደመወዝ የሚበሉት ለዚሁ ነው።

ሐኪሙ መፍትሔም አላቸው። በአይጥ ላይ ብዙ የሚሠራበት ቡፕረኖርፊን የሚባለው መድኃኒት ቶሎ ስለሚያልቅ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መወጋት አለበት። ማታ ሰው ይረሳል፣ ይሰለቻል፣ ባቡር ያመልጠዋል። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነት ግን አለ፤ አንዴ ተወግቶ እስከ 3 ቀን ሊያቆይ ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥፋት ከክፋት ሳይሆን ከስንፍና ይመጣል፤ ለስንፍና ደግሞ ከቁጣ ይልቅ ነገሩን ማቅለል ይሻላል።

ያየሽውን አትጠራጠሪ። አይጥ ድመቱም፣ ጭልፊቱም፣ እባቡም የሚያድነው ፍጥረት ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ ሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥን ፊት አይተው ሕመሙን የሚለኩበት ዘዴ አሳተሙ። የዓይን መጥበብ፣ የአፍንጫና የጉንጭ መነፋት፣ የጆሮና የጢም አቀማመጥ ይታያል። የመጀመሪያውን ምልክት አንቺ ማንም ሳያስተምርሽ አይተሽዋል። አርሲ ላይ ከመንጋው ተነጥላ የቆመች ላም ስትለዪ የኖርሽበት ዓይን ነው። ይህን ዓይን ኮርስ ሰጥተው ሊያስተምሩ የሚደክሙ ተቋማት አሉ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኛ አገር ለፕሮፌሰር ከመቀመጫ ይነሣል እንጂ ስህተቱ አይነገረውም። በዚህ ላይ የሰው አገር፣ የኪራይ ቤት፣ በየወሩ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ግን ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ በዲቪ ነው የመጣሽው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ ከዚህ አሠሪ ጋር አልተያያዘም። ሁለተኛ፣ የፌዴራሉ ደንብ የእንስሳት አያያዝ ጉድለት ያመለከተ ሠራተኛ ላይ በቀል እንዳይፈጸም ይከለክላል። ኮሪደር ላይ «ጥቆማ ለመስጠት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይተሽ ይሆናል። ለጌጥ አይደለም።

ምናልባት «አይጥ እኮ በእንስሳት ደህንነት ሕጉ ውስጥ የለም» የሚል ሰው ይገጥምሽ ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ለምርምር ተብለው የተዳቀሉ አይጦች፣ አይጠ መጎጦችና ወፎች ከሕጉ ውጭ መሆናቸው በ2002 በግልጽ ተጻፈ። እኔ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹን ያስቀራልና። ሆኖም ከመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚወስድ ተቋም አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት በሙሉ፣ አይጥን ጨምሮ፣ በደንቡ መሠረት ለመያዝ ቃል ይገባል። ቃሉን ካጠፈ ገንዘቡ ሊቆም ይችላል። ተቋማት ከቅጣት በላይ የሚፈሩት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። እዚያው ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲባል አንቺ ትዝ የሚልሽ በያይነቱና የሐበሻ ሱቅ ይሆናል። እኛ ሙያ ውስጥ ግን ስሙ የሚነሣው በሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያው ከተማ ውስጥ ፖሊስ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ ገብቶ 17 ጦጣዎች ወሰደ። የእጃቸው ስሜት የሚያልፍበት ነርቭ ተቆርጦ ነበር። ክፍሉ ቆሻሻ ነበር፤ ቁስላቸውም በቅጡ አይታይም ነበር። ተመራማሪው ተከሰሰ። መጀመሪያ ጥፋተኛ የተባለው ነርቩን በመቁረጡ አልነበረም፤ በቂ የሕክምና ክትትል አላደረገም ተብሎ ነው። ፍርዱ በኋላ በይግባኝ ተሻረ። አገር ግን ተናውጦ ነበርና በ1985 ሕጉ ተጠናከረ። ኮሚቴ ግዴታ ሆነ። ሕመም መቀነስ ግዴታ ሆነ። ለውሻ የመንቀሳቀሻ ጊዜ፣ ለጦጣ ደግሞ አእምሮውን የሚያሠራ ነገር ታዘዘ።

የነገሩ ሌላኛው ገጽ ደግሞ ይኸውልሽ። ከዚያው ምርምር ከተገኘው ዕውቀት አንድ ሕክምና ወጣ። ስትሮክ የመታው ሰው ደህናውን እጁን በጓንት ያስሩትና የሰነፈውን እጅ እንዲያሠራ ያለማምዱታል። አረጋውያን ስትንከባከቢ አጋጥሞሽ ይሆናል። ጦጣዎቹ ተበድለዋል፤ ሰዎች ደግሞ ተጠቅመዋል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን በአንዱ የሚያጣፋ ሰው ሲገጥመኝ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ አላምነውም።

ዛሬ በአንቺ ተቋም ውስጥ ያለው ሐኪም ያኔ በዚያ ቤተ ሙከራ ያልነበረው ሰው ነው። ተመራማሪው የሚቆመው ለጥያቄው ነው። አስተዳደሩ የሚቆመው ለገንዘቡና ለስሙ ነው። ሐኪሙ ብቻ ነው ለእንስሳው እንዲቆም ተቀጥሮ ደመወዝ የሚከፈለው። ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ «መጨረሻቸው ሞት የሆኑ እንስሳት ሐኪም ልሁን?» የሚለው አይደለም። ፕሮፌሰሩ ፊት «አይሆንም» ማለት ትችያለሽ ወይ ነው። ካልቻልሽ ዲግሪ ብትደረድሪም ሥራው ይሰብርሻል። ከቻልሽ ግን የሚያስፈልጉት አንቺን የመሰለ ሰው ነው። ነገ የምትልኪው ኢሜይል ለዚህም መሞከሪያ ነው።

ሞቱን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። አርሲ ያከምሻቸው በጎች የት ደረሱ? ፋሲካ ላይ ታረዱ። ኒሞኒያቸውን አድነሽ ለቢላ ነው ያደረስሻቸው። ያኔ እንቅልፍ አላጣሽም፤ አሁን ለምን አጣሽ? እኔ የሚመስለኝ፣ በጉን ሕመም የሚጥለው ተፈጥሮ ነው፤ እዚህ ግን ሕመሙን የምናመጣው እኛው ራሳችን ነን። አስበን፣ ጽፈን፣ አጽድቀን። ይህ የሚከብድ ነገር ነው። እንዲከብድም ያስፈልጋል። የማይከብደው ሰው እዚያ ቤት ባይገባ ይሻላል።

በሌላ በኩል ደግሞ አንቺ ከየት እንደመጣሽ አስቢ። ቢሾፍቱ! የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በጣሊያኖች ከብት በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ ጨረሰው። ክፉ ቀን የምንለው ረሀብ በዚያ ጀመረ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስኪቆፍሩ ድረስ በሬ ጠፋ። ያ በሽታ ዛሬ ከምድር ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። ከእንስሳት በሽታ ተጠራርጎ ሲጠፋ የመጀመሪያው እሱ ነው። ያጠፋው ኬንያ ሙጉጋ ውስጥ የተሠራ ክትባት፣ ቀጥሎም ሙቀት የሚችል ዓይነቱ ነው። አፋር ውስጥ በረዶ በሌለበት በረሃ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ይዘውት እየዞሩ ከተቡበት። ክትባቱ መሥራቱ የታወቀው እንዴት ነው? ከብት ተከትቦ፣ ከዚያ ቫይረሱ ተሰጥቶት ነው። ያልተከተቡትም አብረው ተሰጥቷቸዋል። እነሱ ሞቱ። አንቺ ተማሪ ሳለሽ በበሩ ስታልፊ የነበረው የክትባት ኢንስቲትዩትም ያለ ሙከራ እንስሳ የቆመ ቤት አይደለም።

ይህን የምነግርሽ ሁሉንም ሙከራ ትክክል ለማለት አይደለም። ከንቱ ሙከራ አይቻለሁ። ቁጥሩ ከማነሱ የተነሣ ምንም ሊያሳይ የማይችል ጥናት አለ። ሌላው ቀድሞ የመለሰውን ጥያቄ እንደ አዲስ የሚጠይቅም አለ። የሐኪሙ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የማያየውም ይህንኑ ነው። ሰው የሚያስበው ነጭ ጋወን ለብሰን መርፌ ይዘን ስንዞር ነው። እውነት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ዙር አለ። ጥቁሮቹ አይጦች ቆዳቸውን እያከኩ ያቆስላሉ፤ ወንዶቹ ይነካከሳሉ፤ ጥርሱ ያለልክ ያደገበት አለ፤ ምጥ የያዛት አለች። ከሰዓት አሳማ ማደንዘዝ ይኖራል። ግን ብዙ ሥቃይ የሚቀረው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እንስሳው ገና ከመምጣቱ በፊት፣ ፕሮቶኮሉ ሲነበብ።

ተመራማሪው «60 አይጥ እፈልጋለሁ» ይላል። ለምን 60? ለምን 36 አይበቃም? ስታቲስቲክሱን ማን ሠራው? ከእንስሳ ውጭ በሳሕን ላይ በሚያድጉ ሴሎች ሊታይ አይችልም? «ዕጢው እስኪገድላቸው እከታተላለሁ» ይላል። አይሆንም፤ ዕጢው ይህን ያህል ሲደርስ፣ ክብደታቸው 20 በመቶ ሲቀንስ፣ መራመድ ሲያቅታቸው ይቆማል ትያለሽ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ትቀይሪያለሽ፤ 40 እንስሳ ከሁለት ሳምንት ሥቃይ ይተርፋል። ማንም አያመሰግንሽም። እንስሳቱም አያውቁሽም። መተካት፣ መቀነስ፣ ማሻሻል የሚባሉት ሦስቱ መርሆች እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝ አገር በሁለት ሳይንቲስቶች ተጽፈዋል። ዛሬ ሁሉም ግድግዳ ላይ አሉ። ወረቀቱ ላይ የሚያስገባቸው ግን ሐኪሙ ነው።

ይህን ሥራ ደግሞ የመንጋ ሐኪም ይችልበታል። እዚህ የተማሩ ልጆች ብዙዎቹ የለመዱት አንድ ውሻ ከአንድ ባለቤት ጋር ነው። አምስት ሺህ አይጥ ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል። አንቺ ግን አንድ ከብት ሲያስለው ስለ መንደሩ ውሃ ጉድጓድ ማሰብ ለምደሻል። አንድ ክፍል ውስጥ ትላትል ወይም ቫይረስ ሲገባ የሚጠየቀው ያው ነው፤ ከየት መጣ፣ በማን እጅ ተሻገረ፣ የቱን በር ልዝጋ።

መግደሉን አልዘለልኩትም። ይኖራል፤ አንቺም ታደርጊዋለሽ። በደንብ ሲሠራና በግዴለሽነት ሲሠራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። መግደያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ጋዙ ቀስ ብሎ ነው መግባት ያለበት። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በየደቂቃው ከሳጥኑ መጠን ከ30 እስከ 70 በመቶ ይላል። ቸኩሎ ቧንቧውን የሚከፍት ሰው አለ። ሳጥኑን አጨናንቆ የሚሞላ አለ። ሲሞቱ ሳያረጋግጥ የሚሄድ አለ። የአንቺ እጅ እዚያ መኖሩ ለእንስሳው ትርጉም አለው። ደግሞ አንድ ነገር መጠየቅ አትፈሪ፦ ወራት የተንከባከብሻቸውን አንቺ ራስሽ እንዳትገድይ። ደህና ሱፐርቫይዘር ይህን ያዘዋውራል። ይህ ድካም በሙያው የታወቀ ነው፤ የድክመት ምልክት አይደለም። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ግን «አይጥ እገድላለሁ» ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው።

ሁሉም አይሞትም። እዛው ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በምርምር የተሠራባቸው ውሾችና ድመቶች ሲጨርሱ ጤነኛ ከሆኑ ለአሳዳጊ እንዲሰጡ ተቋማት እንዲጥሩ የሚያስገድድ ሕግ አለ። አንድ ቢግል ውሻ የመጀመሪያ ጊዜ ሣር ሲረግጥ የሚያደርገውን ካየሽ አንድ ዓመት ያሠራሻል።

የሥራውን መጥፎ ጎንም ልበልሽ። መስኮት የለም። ክረምት ላይ ጨለማ ገብተሽ ጨለማ ትወጫለሽ። የአይጥ ሽንት ውስጥ ያለው ፕሮቲን አለርጂ ያመጣል፤ መጀመሪያ ማስነጠስ ነው፤ እያደር አስም ይሆናል። ጭንብሉን አታውልቂ፤ ማስነጠስ ከጀመረሽም ለሥራ ጤና ክፍሉ ቶሎ ተናገሪ። ጦጣ ያለበት ቦታ ከሄድሽ፣ ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ ቁስሉን እዚያው ለ15 ደቂቃ እጠቢ፣ ወዲያው አመልክቺ። በጦጣ ላይ ቀላል የሆነ አንድ የሄርፒስ ቫይረስ ሰውን ሊገድል ይችላል። በዚህ ሁሉ ላይ ስለ ሥራሽ የትም በነፃነት አታወሪም። እድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ፣ ቡና ላይ ዝም ትያለሽ። ይህ ዝምታ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ከተመሳሳይ ሙያ አንድ የምትደውይለት ሰው ያዢ።

«ሥራው ሊጠፋ ነው» ሲሉም ትሰሚያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ሕግ አዲስ መድኃኒት የግድ በእንስሳት መሞከር አለበት የሚለውን አስቀርቷል። በ2025 ደግሞ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለአንዳንድ መድኃኒቶች የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ ሊቀንስ መሆኑን አስታውቋል። እሰየው። ቢጠፋ እኔ አላለቅስም። ግን በአንቺ የሥራ ዘመን አይመስለኝም። እስከዚያ ያሉት እንስሳት ሐኪም ያስፈልጋቸዋል።

ከወሰንሽ መንገዱ ይህን ይመስላል። የውጭ አገር ምሩቅ በመሆንሽ ዲግሪሽ ከአሜሪካው ጋር እኩል መሆኑን ከሚያረጋግጡት፣ ወይ ኢሲኤፍቪጂ ወይ ፔቭ ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱን ታልፊያለሽ። ኢሲኤፍቪጂን ብትመርጪ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የኮምፒውተር ፈተና፣ ከዚያ የተግባር ፈተና አለ። ኪስ የሚያራግፈውና ብዙ ሐበሻ የሚወድቅበት ተግባሩ ነው። 7 ክፍል አለው። የቀንድ ከብቱና የአስከሬን ምርመራው ለአንቺ ቀላል ነው። የሚያስቸግርሽ የውሻ ማደንዘዣና ሴት ውሻ ማምከን ነው። አርሲ ውስጥ ስንት ውሻ አምክነሻል? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጠለያ ወይም ክሊኒክ ገብተሽ በነፃም ቢሆን እጅሽን አፍቺ። ናቭል የሚባለው የላይሰንስ ፈተና ደግሞ አለ። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ እንስሳት ሕክምና ስፔሻሊስት ልሁን ካልሽ 2 ወይም 3 ዓመት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና)፣ በስምሽ የታተመ ጥናት፣ ከዚያ የቦርድ ፈተና። አንቺ ባለሽበት ዙሪያ፣ ቤተስዳና ባልቲሞር፣ እንዲህ ያለ ሥልጠና የሚሰጡ ቦታዎች አሉ። ከሌላ ስቴት ሰው የሚመጣባቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ የተንከባካቢነት ሥራሽ ላይ ሰርተፊኬት ያዢ። አላስ የሚባለው የቤተ ሙከራ እንስሳት ባለሙያዎች ማኅበር ሦስት ደረጃ አለው። ብዙ ተቋም ፈተናውን ይከፍላል፤ ደመወዝም ይጨምራል። በደረጃ ስታድጊ ቀዶ ጥገና ክፍል ትገቢያለሽ፤ ኬጅ ማጠቡም ይቀራል።

ቦታ ስትመርጪ ደመወዙን ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ሐኪሙ ሙከራ ያስቆመበት ቀን አለ? ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚመልስልሽ ሰው ከተንተባተበ አትግቢ። አሁን ያለሽበትም ቢሆን ነገ ለኢሜይልሽ በሚሰጡት መልስ ይታወቃል። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ክፍሉን ካዩና ከተመራማሪው ጋር ከተነጋገሩ ጥሩ ቤት ነው። «ተይው፣ ትልቅ ግራንት (የምርምር ገንዘብ) ያለው ሰው ነው» ካሉሽ ጉዳዩን ወደ ኮሚቴው ውሰጂ። ሥራም ፈልጊ።

ሞክረሽው ልብሽ እምቢ ካለ ደግሞ ተዪው። ይህ ሥራ ለሁሉም አይደለም። ፈተናውን ካለፍሽ የሥጋ ምርመራ አለ፣ መጠለያ አለ፣ ላም የሚያክሙ ክሊኒኮች ሰው አጥተው ይለምናሉ። ወረቀቱ ለሁሉም ያገለግላል።

ጓደኞችሽ ይቀልዱ። በየቤቱ ሐኪምና መሐንዲስ ታክሲ በሚነዳበት አገር ማንም በማንም ሥራ የሚስቅበት ወኔ አይኑረው። ለእናትሽ ግን አትዋሺ። የገበሬ እናት አይጥ ስትሰማ መጀመሪያ ትስቃለች፤ ይሁን። «እማዬ፣ የስኳርሽ መድኃኒት፣ የልጅሽ ክትባት መጀመሪያ በእነዚህ ላይ ነው የሚሞከረው፤ እኔ እንዳይሠቃዩ ነው የምጠብቃቸው» በያት። ድመት ለምን እንደማታሳድጉ ልትጠይቅሽ ትችላለች፤ ለዚያ መልስ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ወስነሽም ሳትወስኚም ዛሬ ጀምሪው። የትምህርት ማስረጃሽ በቀጥታ ከኮሌጁ መላክ አለበት፤ አንቺ ዘንድ ያለው ኮፒ አይሠራም። አገር ቤት ያለ ሰው በአካል ተመላልሶ ካልተከታተለ ደግሞ ወረቀቱ ንቅንቅ አይልም። ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄደሽ ለእህትሽ ወይም ለወንድምሽ ውክልና ስጪ። ስምሽ በዲግሪውና በፓስፖርትሽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም አይተሽ ላኪው፤ በአንድ «ኤች» ምክንያት ወራት የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።